ከአባትሽ ባርኔጣ ሥር

ልጄ፣ የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እህትሽ ሥራ ቀይራለች። የጓሮው ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል።

የአባትሽን ነገር ግን ልደብቅሽ አልቻልኩም። ለድብርቱ የላክሽለትን፣ አንጎልን በቀላል ኤሌክትሪክ የሚያነቃቃውን ማሽን ሐኪሙ በቀን አንዴ ብቻ ግንባሩ ላይ እንዲያስረው ነበር ያዘዘው። ሰሞኑን ቤት ውስጥም ባርኔጣ አላወልቅ አለ። ትናንት እንቅልፍ ሲወስደው ባርኔጣውን ባነሳው፣ ግንባሩ ላይ የካፖርት ቁልፍ የሚያህል ቁስል አየሁ። ሲነቃ ባፋጥጠው አመነ፤ ለካስ ማሽኑን እየተደበቀ በቀን ሦስት አራቴ ያስረዋል።

“ሰውዬ፣ ራዲዮ ነህ እንዴ ባትሪ የምትሞላው?” አልኩት። ድሮ ቢሆን በሳቅ ይፈርስ ነበር፤ አሁን ባርኔጣውን መልሶ ደፋ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቁስሉን አጥባ፣ “ከማሽኑ ሥር ግንባሩ ላይ የሚያርፈው እርጥብ ስፖንጅ ደርቆ ነው ቆዳውን ያቃጠለው፤ ይሄስ ይድናል። ከታዘዘው በላይ መደጋገሙ አንጎሉን ምን እንደሚያደርገው ግን እኔም አላውቅም። ሐኪሙ እስኪያየው አቁሙት” አለች። ማሽኑን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስጠይቀው፣ “ልጅቷ በደወለች ቁጥር ‘ተሻለህ ወይ?’ ትለኛለች። እኔም ‘አዎ’ እላታለሁ። አንድ ቀን እንኳ እውነት እንዲሆን ብዬ ነው” አለኝ።

ዕድሜ ልኩን የሰው ልብስ የሰፋበት መኪናው እንደተሸፈነ ነው፤ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል።

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ መልካም ሰው አይጥፋብሽ። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ስትደውዪ “ተሻለህ ወይ?” አትበዪው። “ቀሚሴ ጠበበኝ፣ ወገቡን እንዴት ላስፋው?” በዪው። ባይመልስልሽም ጠይቂው።

እናትሽ