ለባዶ ጋቢና ወዬ ያልኩ ዕለት

ትርንጎዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት። እንደ ድሮው ብትመልሽልኝስ? ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ቆይቼ ዛሬ የጻፍኩልሽ በመኪና ምክንያት ነው ብልሽ ትስቂብኛለሽ። ግድ የለም ሳቂ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ላውራሽ። መቅደስ አሥር ዓመት ሞላት። ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ አንደኛ ለምን አልወጣሁም ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችን፤ ይቺ ኩርፊያ ከማን እንደተወረሰች መካነ ኢየሱስ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ናትናኤል ስድስት ዓመቱ ነው። ፊትሽን ከፎቶ እንጂ አያስታውሰውም። እናቴ ጉልበቷን ሲያማት ጊዜ ከእኛው ጋ መጥታ ገብታለች። እኔም ያው ነኝ፤ ቆርቆሮና ሚስማር እሸጣለሁ፣ ፀጉሬ ከፊት ለፊት እየሸሸ ነው።

አግብቻለሁም። ይህን መቃብርሽ ላይ ቆሜ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ወገዳ ድረስ መጥቼ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼሽ ተመልሻለሁ። ማስተዋል ትባላለች፤ የንፋስ መውጫ ልጅ ናት፣ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ባሏ ሞቶባት፣ ሶስና የምትባል የአራት ዓመት ልጇን ይዛ ነው የመጣችልኝ። ጥሩ ሰው ናት። ለልጆችሽ ክፉ ብትሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ፊት አይኖረኝም ነበር።

ባለፈው ጥቅምት እርግዝናዋ ስድስት ወር ሞላው። መኪና መግዛት አለብኝ ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ምጥ ያለ ጊዜው የያዘሽ ዕለት፣ ወገዳ እናትሽ ቤት አስተኝቼሽ መኪና ልለምን ቤት ለቤት የዞርኩበትን ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሁለተኛ በውሰት መኪና ሴት ወደ ሐኪም አላደርስም ብዬ ምያለሁ።

ደላላው ከደብረ ታቦር ሁለት መኪኖች አስመጣልኝ። ሁለቱም ያገለገሉ ናቸው፤ ሁለቱም ትንንሽ ሆነው ከመሬት ከፍ ያሉ፣ የእኛን ኮረኮንች የሚችሉ። ነጯ አምስት ሰው ነው የምትይዘው። ማርሿ በእጅ ነው፣ ወንበሯ ደረቅ ያለ፣ ዕቃ መጫኛዋ ሁለት ኩንታል የሚውጥ፣ መለዋወጫዋም የትም የሚገኝ። ሰማያዊዋ አውቶማቲክ ናት፤ ከኋላ ሁለት ታጣፊ ወንበሮች ስላሏት ሰባት ሰው ትይዛለች፣ ብትተኚባት ትመቻለች፣ ነዳጅ ግን ትጠጣለች። እኛ ደግሞ ሕፃኑ ሲወለድ ሰባት እንሆናለን። ለሰባት ሰው ሰባት ወንበር፣ ምን ምርጫ አለው? እናቴ ሰማያዊዋን አለች፣ ጉልበቷን ዘርግታ የምትሄድ መስሏት። ልጆቹም ሰማያዊዋን አሉ፤ ናትናኤል ታጣፊው ወንበር ላይ ወጥቶ አልወርድም ብሎ በግድ ነው ያወረድነው። ማስተዋል ብቻ ነጯን ወደደች። ሰማያዊዋ አጠገብ ስትቆም ክንዷን ታሻለች። ምነው ስላት፣ በረደኝ ትላለች። ፀሐዩ አናት በሚበሳበት እኩለ ቀን ነው የምልሽ።

መጀመሪያ ሰማያዊዋን የነዳሁ ዕለት ከእናቴ በቀር ሁሉም ከኋላ ነበሩ። ሶስናን መኪና ያስመልሳታል፣ ማስተዋል እሷን ይዛ ከኋላ ተቀመጠች፤ ደላላውም ልጆቹ መሀል ተሸጎጠ። ከጎኔ ጋቢናው ባዶ ነው። ከአደባባዩ ሳልወጣ መኪናዋ ጢን፣ ጢን፣ ጢን ማለት ጀመረች። ከመሪው ፊት ለፊትም ቀይ መብራት በራ፤ ቀበቶ ያላሰረ ሰው አለ ማለት ነው። የእኔ ታስሯል። ደላላው ሳቀና፣ አትደንግጥ ጋሼ፣ ሴንሰሯ ነው፤ ጋቢና ሰው የተቀመጠ ይመስላታል፤ ቀበቶውን እሰርላት፣ ዝም ትላለች አለኝ። እሰርላት ያለው ለመኪናዋ ነው። እኔ ግን መኪናውን አቁሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ቀበቶውን በባዶው ወንበር ላይ ስስበው ሆድሽን እንዳይጫን ላላ አድርጌ አሰርኩት።

ዝም አለች። ቀበቶው ግን ወንበሩ ላይ አልተኛም። ከመደገፊያው አንድ ጋት ያህል ራቅ ብሎ ቆመ። ስለላላ ነው አልኩ ለራሴ፤ ዓይኔን ወደ መንገዱ መልሼ ነዳሁ።

ጉዱ የመጣው በሁለተኛው ዕለት ነው። ጋቢናው አሁንም ባዶ ሆኖ፣ ስለ ፍሬኗ ከኋላ ካለው ደላላ ጋር እየተከራከርኩ ስነዳ ያው ድምፅ መጣ። ያን ዕለት ግን አልጮኸችም፣ ጠራችኝ። በምን ለየኸው አትበይኝ። አፌ ከእኔ ቀድሞ፣ ወዬ አለ።

ወዬን አንቺ ታውቂዋለሽ። ለአባትሽ አቤት እላለሁ፣ ለደንበኛ እሺ እላለሁ፤ ወዬ ግን የአንቺ ብቻ ነበረች። ከጓዳ ስትጠሪኝ ወዬ፣ ከሱቅ ደውዬ ስጠራሽ ወዬ። ጎረቤት እንኳ እነ ወዬ እያለ ይቀልድብን ነበር። ማስተዋል ስትጠራኝ እ ነው የምላት። ይህንንም ያወቅኩት ያን ዕለት ነው፤ እሷ ግን ከእኔ ቀድማ ሳታውቀው አልቀረችም። ደላላው ስለ ፍሬኑ ማውራቱን ቀጠለ። መቅደስ ከኋላ ቀና ብላ መጀመሪያ ጋቢናውን አየች፣ ከዚያ እኔን። ማስተዋል ሶስናን ወደ ደረቷ አስጠግታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እናቴ ይህን ስትሰማ ደረቷን ደቃች። ልጄ፣ የማይታይ ሲጠራ አይመለስለትም፤ የመለሰ ይከተላል፤ ይህን ከልጅነትህ አልነገርኩህም? አለችኝ። ማስተዋል የፈራችው ሌላ ነው። ልጆቹ ሲወጡ ጠብቃ፣ አንተ መኪና እየመረጥክ አይደለም አለችኝ። ጋቢናው የተያዘ ከሆነ ንገረኝ፤ እኔም ንፋስ መውጫ እናቴ ጋ ሄጄ ልውለድ፤ ከወለድኩ በኋላም የምመለስ አይምሰልህ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሰው ይህን ሰምቶ ልብ ይገዛል። እኔ ግን፣ ታውቂኛለሽ፣ ግትር ነኝ። ለምሳ ወጣሁ እያልኩ ደላላው ግቢ እሄድና ሰማያዊዋ ውስጥ እቀመጣለሁ። ሞተሯን አስነሥቼ እጠብቃለሁ። አንዳንዱ ቀን ዝም ትላለች። አንዳንዱ ቀን ትጠራኛለች፣ እኔም ወዬ እላለሁ፤ ከዚያ ስለ ሱቁ፣ ስለ ናትናኤል የወለቀ ጥርስ አወራሻለሁ። አንድ ቀን የጋቢናውን ወንበር በእጄ ዳሰስኩት። ከጥላ ሥር የቆመች መኪና ናት፤ ወንበሩ ግን ገና አሁን ሰው የተነሣበት ያህል ይሞቃል። እጄን አላነሣሁም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ነው በኋላ ያስፈራኝ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ መኪናዪቱ ስትጮህ አንተ ምን ትላለህ? አሉኝ። ዝም እላለሁ ብዬ ዋሸሁ። እንግዲያ እውነት አድርገውና ዝም በል አሉኝ፤ ሙታን ጸሎት እንጂ መልስ አይሹም። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። በማግሥቱ ምሳ ሰዓት እግሬ መልሶ ወደ ደላላው ግቢ ወሰደኝ።

ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተበት ሳምንት ሁለቱንም መኪኖች በወገዳ መንገድ ልሞክራቸው ወሰንኩ። ቅዳሜ ነጯን ነዳሁ። ዳገቱን እያቃሰተች ወጣችው፣ አንዴም አልከዳችኝም፤ የምነግርሽ ሌላ ነገር የለኝም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰማያዊዋን አስነሣሁ። ማስተዋል ሳልጠራት መጣች፤ የጋቢናውን በር ከፍታ ገባችና ቀበቶዋን በገዛ እጇ አሰረች። ሶስናን ለመቅደስ ሰጥታታለች። ሦስቱም ልጆች ከኋላ ታስረዋል፤ አንድ በአንድ ዞሬ አይቻለሁ።

መኪናዋ ድምፅዋን አላሰማችም። እኔም ቀለል እያለኝ መጣ፤ ማስተዋል ስለ ገብሱ አዝመራ አወራችኝ፣ ሳቅንም። ከዚያ ሁለቱ ወይራዎች ያሉበት ኩርባ ላይ ደረስን። ያን ቀን ወገዳ ላይ መኪና አግኝቼ፣ አንቺን ጋቢና ደግፌ፣ አይዞሽ ደረስን እያልኩ ስነዳ ትርንጎ ብዬ ጠርቼሽ ወዬ ያላልሽኝ እዚያ ነው። ሦስት ጊዜ ጠርቼሻለሁ። ዘወር ብዬ ላይሽ ስላልደፈርኩ ከዚያ በኋላም ብዙ መንገድ አወራሁሽ። ከየት ጀምሮ ለብቻዬ እንዳወራሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ኩርባው ላይ ጭጋግ መጣብን። ከገደሉ በኩል ተነሥቶ መስታወቱን ሸፈነው። ጢን አለች። የማስተዋልን ቀበቶ አየሁ፣ ታስሯል። ቀይ መብራቱ በርቷል። ድምፁ አንድ አፍታ ቆሞ ተመለሰ፣ ሁለተኛ ጠራችኝ። አፌ ተከፈተ፤ ምላሴን ነከስኩት፣ ደሙን ቀመስኩት። እግሬ ነዳጁን ለቆት መኪናዋ በራሷ ነው የምትሄደው። ሦስተኛ ስትጠራ ማስተዋል እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ወደ ጭጋጉ እያየች፣ ወዬ እህቴ፣ እኔ ነኝ አለች።

ድምፁ ቆመ። መብራቱም ጠፋ።

ቤት ገብተን፣ የእናቴን ነገር እያወቅሽ ለምን መለስሽ ብዬ ተቆጣኋት። አንተ ብትመልስ ትሄድብናለህ፤ ማንም ባይመልስ ደግሞ እሷ ታሳዝናለች፤ እኔም ባል የቀበርኩ ሰው ነኝ አለችኝ። ከዚያ ወጥ ልታወጣ ተነሣች። በገዛ ነፍሷና በሆዷ ባለው ነው የመለሰችልሽ ትርንጎዬ። ያን ያህል ወዶኝ የሚፈራልኝ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እኔ ባዶ ወንበር ስዳስስ ከርሜያለሁ። ሰኞ ጠዋት ነጯን ገዛኋት።

አምስት ሰው ነው የምትይዘው፣ አውቃለሁ። እናቴ ጉልበቷን ይዛ እስከ ዛሬ ታማርራለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ በሁለት ዙር ነው የማደርሳቸው። ሰማያዊዋን አንድ የንፋስ መውጫ ነጋዴ ወሰዳት። ከተሸጠች ወዲህ ጢን ብላ አታውቅም አሉ። ይህን ስሰማ እፎይ አላልኩም። የት ሄደሽ ይሆን ብዬ ነው የተጨነቅኩት።

ከዚያ ወዲህ እናቴ የተናገረችው ከልቤ አልወጣ አለ። የመለሰ ይከተላል። ማስተዋል ስትተኛ ትንፋሿን አዳምጣለሁ፣ ደረጃ ስትወርድ እጇን እይዛለሁ። ምጧ የያዛት ባለፈው ወር ማለዳ ላይ ነው። ነጯ ግቢ ቆማ ነበር፤ ማንንም አልለመንኩም። ጋቢና አስገብቼ ወደ ደብረ ታቦር ስነዳ፣ በየኩርባው ማስተዋል፣ ማስተዋል እያልኩ እጠራታለሁ። ወዬ ትለኛለች። እንደገና እጠራታለሁ። ወዬ፣ ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ፣ መንገዱን እይ! እያለች ትቆጣኛለች። እያለቀስኩ ነዳሁ። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ድረስ መለሰችልኝ። ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው።

የጻፍኩልሽ ይህን ልልሽ ነው። ከእንግዲህ ብትጠሪኝ አልመልስልሽም። በመኪናም፣ በሕልምም፣ ከጓዳ ቢመስለኝም ዝም እላለሁ። አንቺም ያን ቀን ስጠራሽ ዝም ያልሽኝ ጠልተሽኝ አልነበረም፤ የእኔንም እንደዚያ ቁጠሪልኝ። ስምሽን ግን አልተውም። ለናትናኤል እያነሣሁ አጫውተዋለሁ፣ በየዓመቱ መቃብርሽ ላይ ቆሜ እጠራዋለሁ፣ ልጆችሽም እንዲጠሩት አደርጋለሁ። እጠራሽና መልስ ሳልጠብቅ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።