የኦቦ ደገፋ ግትር ደም

ጥቅምት 12
ከቡራዩ እስከ ላብራቶሪው ሁለት ታክሲ። ሁለተኛው ላይ አንድ ሰውዬ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ መጣ። አልቀሰቀስኩትም… ይሞቃል።

የዛሬው ደም የኦቦ ደገፋ ነው። የሱሉልታ ገበሬ፣ ሰባ አንድ ዓመታቸው። የደም ካንሰር እንዳለባቸው ከታወቀ ሦስት ዓመት። በቀን አንድ ክኒን ልክ አስገብቶት ነበር። አሁን ነጭ የደም ሴላቸው እየጨመረ ነው። ለምን?

አንድም ቀን ክኒን ዘልዬ አላውቅም ብለው ማሉልኝ። እንግዲያው የካንሰሩ ጂን ተለውጦ ከመድኃኒቱ እያመለጠ ነው ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ደም ሳይ ኖሬ የእኔ የምለው ግኝት የለኝም። ለዚህኛው ስም እንኳ አውጥቼለታለሁ። አልጽፈውም፣ ያሳፍራል። (እሺ፣ «ጂቱ» የሚለው የራሴ ስም አለበት።)

ጥቅምት 20
ለኃላፊዬ ለፕሮፌሰር ጥሩዬ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ክኒኑን ቁጠሪ ብለውኝ ወደ ሻያቸው ተመለሱ። ቅናት ይሆን? ናሙናውን ለጂን ምርመራ ውጭ አገር ላክሁት።

ኅዳር 9
ውጤቱ መጣ። ምንም ለውጥ የለም። ማሽኑን አንድ ሰዓት ሙሉ ሰደብኩት። ባሕር ማዶ ያለ ማሽን…

ኅዳር 12
ሳልደውል ሱሉልታ ሄድኩ። ኦቦ ደገፋ ድርቆሽ እየከመሩ ነበር። «አካም ጂርቱ» ተባብለን ገባን። ክኒኑን ቆጠርኩ። ልክ ነው፣ ከሚገባው በላይ አንድም አልተረፈም። አፍሬ ልወጣ ስል ጎረቤታቸው ጋሽ ከድሩ ገቡ። ባለ ሱቅ ናቸው፤ ሆዳቸው በግራ በኩል አብጧል። እኔን ሳያዩ፦

«ደገፋ፣ የዛሬዬን ስጠኝ።»

ኦቦ ደገፋ ክኒኑን በእጃቸው ሸፈኑት።

ለካ አንድ ቀን ኦቦ ደገፋ፣ አንድ ቀን ጋሽ ከድሩ ነው የሚውጡት። አምስት ወራቸው።

«ሆዱ እንደኔ አበጠ፣ ላቡ እንደኔ ነው» አሉ ኦቦ ደገፋ። «ሐኪም ቤት ሂድ ብለው እምቢ አለ። ወንድሙ ገብቶ አልወጣማ። ሲሞት ልየው?»

ተቆጣሁ። በግማሽ መድኃኒት ሁለታችሁም ትሞታላችሁ አልኳቸው። በሆዴ ግን ሳቄ መጣ። አዲሱ ጂኔ ባለ ሱቅ ሆኖ ተገኘ።

ኅዳር 19
ጋሽ ከድሩ ላብራቶሪ መጡ። በሽተኛ ሆነው የመጡ እንዳይመስለኝ! ለማነፃፀሪያ የጤነኛ ሰው ደም እንደምንወስድ ሰምተው፣ ጤነኛ ስለሆኑ ሊረዱኝ ነው። ምን እንደምመረምር አንድ በአንድ ነግሬ አስፈረምኳቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ውጤቱን ግን… ትነግሪኛለሽ አይደል?»

እነግርዎታለሁ አልኩ። ጤነኛ ሰው እንዲህ ይጠይቃል?

ታኅሣሥ 2
ያው በሽታ ነው። ኦቦ ደገፋ ያለ ማይክሮስኮፕ ያወቁትን እኔ በሁለት ሳምንት ደረስኩበት። ፕሮፌሰር ጥሩዬ በጥናቱ ላይ የኦቦ ደገፋም ስም ይግባ አሉ። ቀልድ ይሁን ምር አልገባኝም።

ለጋሽ ከድሩ ራሴ ነገርኳቸው።

«ወንድሜም ይኼ ነበር?»

አላውቅም አልኩ። የማውቀው እርስዎ በጊዜ መምጣትዎን ነው። እጄን ይዘው ትንሽ ተቀመጡ… ከዛሬ ጀምሮ የራሳቸው ክኒን አላቸው።

ታኅሣሥ 3
ሌሊቱን አልቅሼ ነበር። ለምን እንደሆነ እንጃ።

የካቲት 26
የሁለቱም ነጭ የደም ሴል ቁጥር እየወረደ ነው። አብረው ይመጣሉ፤ የማን ቁጥር ቶሎ ወረደ እያሉ መተላለፊያው ላይ ይጨቃጨቃሉ። ነርሷ ለያይታ አስቀመጠቻቸው።

«አዲስ ጂን» የሚለውን ጽሑፌን ጣልኩት። በምትኩ መጠይቁ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ ክኒንዎን ከማን ጋር ይካፈላሉ? «ይካፈላሉ ወይ» ብል ሁሉም አይ ይለኛል። ከአርባ ሁለት ታካሚ ዘጠኙ ስም ጠሩልኝ። እህት፣ አማች፣ የዕድር ጓደኛ… ዘጠኝ ያልተመረመረ ሰው። አሥራ አንድ ዓመት ደማቸው እንዲመጣልኝ ስጠብቅ እነሱ ቤታቸው ነበሩ።

የመጀመሪያዋ ሰበታ ነች። ነገ ልሄድ ነው። ኦቦ ደገፋም ካልሄድኩ ብለዋል። ምን ያደርጉልኛል ብላቸው፦

«አንቺ ደም እንጂ ሆድ ማየት አታውቂም።»