የአባትሽ ሳልና የቦሌው ሐኪም

ልጄ ፈሂማ፣ አላህ በሄድሽበት ሁሉ ይጠብቅሽ፤ ጤናሽን አያጓድልብሽ። ሰሚት ውሃ መምጣት ጀምሯል። አባትሽ ግን ወር ሙሉ ሲያስል ከረመ።

ቦሌ አንድ መስታወት በመስታወት የሆነ ክሊኒክ ወሰድኩት። ሐኪም ተብዬው ደረቱን እንኳ ሳያዳምጥ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል "ብርድ ነው" ብሎ መርፌ አዘዘለት። "አክታው አይመረመርም?" ብዬ ብጠይቀው፣ "እማማ፣ ሐኪሙ እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?" አለኝ። ሽቶው እንጂ ሙያው አልሸተተኝም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። የላብራቶሪዋ ልጅ አክታውን መርምራ የሳንባ ነቀርሳ መሆኑን ነገረችን። መድኃኒት ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ እህልም መብላት ጀምሯል። ያ የቦሌው ባለጋዋን ሐኪም ዛሬም እዚያው ክሊኒኩ ተጎልቶ የሰው ደረት በግምት ያክማል።

ለኢድ መጥተሽ አጠገቡ ስትተኚ ሳሉ ጀምሮት ነበር። እባክሽ አንቺም ተመርመሪ፤ ውጤቱንም ሳትደብቂ ንገሪኝ። አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

እናትሽ ሀጀር