ድሉን ከማን ጋር ያከብሩታል?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ግንቦት 9
ከወጥ ቤታችን ጠረጴዛ

ይድረስ ለምድራችን ምርጥ አሰልጣኝ ባለቤት፤ ሌላ ካላገባሽ ማለቴ ነው፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ልጃችን አሁንም ሥራና ትምህርት አንድ ላይ እያሯሯጧት ነው? የልጅ ልጃችንስ የፊት ጥርስ በቀለላት ወይስ ዛሬም በድዷ ነው የምትስቀው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል እንደ ድሮው አምሮብኛል ማለቴ ነው። መስታወቱ በየጠዋቱ ይመሰክርልኛል፤ ለነገሩ ሌላ የሚመሰክር ሰው ቤት ውስጥ የለም።

በወረቀት መጻፌ እንደሚገርምሽ አውቃለሁ። እሁድ በስልክ «ጠቅልለህ ወደዚህ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? ቁርጡን ንገረኝ» ስትይኝ «መጀመሪያ ወኪሌን አነጋግሪ» አልኩሽ። ልጃችን ከኋላሽ ሆና ከት ብላ ሳቀች። አንቺ ግን አልሳቅሽም፤ «ቁምነገር ሲኖርህ ደውል» ብለሽ ዘጋሽብኝ። በስልክ ከሆነ አፌ ይቀድመኛል፤ እጄ ግን ቀርፋፋ ስለሆነ እስካስብ ድረስ ይጠብቀኛል። የቡድናችን ሐኪም ቅዳሜ ወደ እናንተ ስለሚበር ይዞልሽ ይመጣል። እንዳይከፍተው አስምዬዋለሁ።

በመጀመሪያ ግን ድሉን ላውራሽ፤ ሳልጎርር ቁምነገር ውስጥ መግባት አልችልም። ያለፈው ቅዳሜ ካላሸነፍን ወደ ታችኛው ሊግ መውረዳችን ነበር። ሬዲዮኑ ዓመቱ ሳይጋመስ ነው የቀበረን። ዕረፍት ላይ ዜሮ ለዜሮ ነን፣ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ያ የግራ ተከላካያችን፣ ከቆመበት ንቅንቅ ስለማይል «ሚስማሩ» የምንለው ልጅ ትዝ ይልሻል? አጥቂ አደረግሁት። ምክትሌ ክንዴን ይዞ «ጋሼ፣ ምነው፣ አበዱ እንዴ?» አለኝ። «ካበድኩ ቆየሁ፤ አንተ ዛሬ ገና ማየትህ ነው?» አልኩት። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ከማዕዘን የተሻማች ኳስ የሚስማሩን ጭን መታችና መረቡ ውስጥ ገባች። ልጁ ራሱ ያገባው እሱ መሆኑን ያወቀው ጓደኞቹ ከላዩ ላይ ሲከመሩበት ነው።

መግለጫው ላይ አንዱ ጋዜጠኛ «በጭን የገባ ግብ ዕድል አይባልም ወይ?» ብሎ ጀመረ። «በጭኑ እንዲያገባ ለይቼ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ፤ እግሩን አምኜው አላውቅም» አልኩት። ሌላው ደግሞ ዳኛው ረድቷችኋል ሲለኝ «ዳኛው እኛን ሊረዳ ቀርቶ ራሱን ቢረዳ ጥሩ ነበር» አልኩ። በቃ፣ ቤቱ የእኔ ሆነ።

ሰው ሁሉ እነዚያ መልሶች እንዲሁ ድንገት የሚመጡልኝ ይመስለዋል። በጨዋታ ዋዜማ አንቺ ድስቱን ታማስይበት የነበረውን ጭልፋ እንደ ማይክሮፎን አፌ ላይ ደቅነሽ «ክቡር አሰልጣኝ፣ ያንን ልጅ ያሰለፉት ዓይንዎ ተጋርዶ ነው ወይስ ዘመድዎ ሆኖ?» እያልሽ ታፋጥጪኝ እንደነበር ማን ያውቃል? ስንተባተብ «ደካማ ነው፣ ድገመው» ትይኛለሽ። ጥሩ ስመልስ ደግሞ እንደ መሳቅ ብለሽ «ተከታይ ጥያቄ አለኝ» ትያለሽ። የከተማው ጋዜጠኛ ሁሉ ቢደመር የአንቺን ግማሽ አያክልም። «ለአንድ ክረምት ብቻ» ብለሽ ልጃችን ዘንድ ከሄድሽ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላሽ ነው፣ እኔም ብቻዬን እየተለማመድኩ እገባለሁ።

እና ቅዳሜ ልንወጣ ስንል አንዲት አዲስ የሬዲዮ ጋዜጠኛ እጇን አወጣች። ልጅ እግር ናት።

«አሰልጣኝ፣ ይህን ድል ከማን ጋር ያከብሩታል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ አንቺም ጠይቀሽኝ አታውቂም። አፌ ግን አልጠበቀኝም። «ከራሴ ጋር» አልኩ። «ከእሱ የተሻለ ሰው በከተማው ስላጣሁ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በማግስቱ ጋዜጣው መልሴን በትልቁ አወጣት፣ በየሱቁም ተለጠፈች። ፀጉር አስተካካዬ ፎጣውን አንገቴ ላይ እያሰረ «ከራስዎ ጋር እንዴት አደራችሁ?» አለኝ። ዳቦ ቤት ስገባ ሴትዮዋ «ለሁለታችሁ ስንት ልስጥ?» ብላ የተሰለፈውን ሁሉ አሳቀችው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ሁለት ዳቦ ገዝቼም ወጣሁ። አንደኛው ይኸው ከፊቴ ነው፣ ድንጋይ ሆኗል።

የቀልዱ ችግር እውነት መሆኑ ነው። ቅዳሜ ከሜዳ ስመለስ ካፖርቴን ሳላወልቅ እዚህ ወጥ ቤት መጥቼ ቆምኩ። መልሱን ጮክ ብዬ ደገምኩት፣ ድምፄንም ትንሽ አሳመርኩት። ከዚያ ወደ ምድጃው ዞርኩ። ለካ ተከታዩን ጥያቄ እየጠበቅሁ ኖሯል። ከማቀዝቀዣው በቀር ያጉረመረመ የለም፤ እሱም ትችት መሆኑ ነው። ሆድ ባሰኝ። ጋዜጣ ላይ የማይወጣውን ልንገርሽ ብዬ ነው፤ ሆድ ባሰኝና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ ራቴንም ሳልበላ ተኛሁ።

ማክሰኞ የክለባችን ፕሬዝዳንት ቢሮው ጠራኝ። ያ ቆዳ ሶፋ ላይ አስቀመጠኝና «ውልህ ላይ ሁለት ዓመት እንጨምርልህ» አለኝ። ይገባኛል ብዬ ልቤ አበጠ። ቀጠለና «ከተማው ያለ አንተ አፍ ምን ይውጠዋል? ቡድኑ ወረደም ቀረም ሕዝቡ የሚመጣው አንተን ሊሰማ ነው» አለ።

«ወረደም ቀረም?» አልኩት።

«ማለቴ... አንተ ብቻ ተናገርልን።»

«ጌታዬ፣ እንግዲያው ኮሜዲያን ይቅጠሩ። ሚስማሩን አጥቂ ማድረግ የሚችል ኮሜዲያን ካገኙ ደግሞ ለእኔም ያሳዩኝ።»

ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። «ይኸው! ይኼን እኮ ነው የምልህ!» አለ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ከአንጀቴ ተናድጄ ስናገር እንኳ ይስቁልኛል። ሳልቀልድ መናገሬን የሚያውቅብኝ ሰው አንቺ ብቻ እንደሆንሽ ያን ጊዜ ገባኝ። ነገ አራት ሰዓት ላይ ልፈርም ቀጠሮ ተይዞልኛል፤ ካሜራም ይመጣል።

አሁን «ታዲያ ምን ያዘህ?» ትያለሽ። የያዘኝን ነግሬሽ አላውቅም፣ እያሳቅሁ ነው ያለፍኩት። ፈርቼ ነው።

ባለፈው ዓመት ልጠይቃችሁ ስመጣ የልጅ ልጃችን የምትጫወትበት ሜዳ የወሰዳችሁኝን ዕለት አስቢው። እሷ በረኛ፣ የቀሩት እንደ ንብ አንድ ኳስ ላይ ሰፍረዋል፣ የግራው መስመር ጭር ብሏል። አልቻልኩም፤ «ግራውን! ግራውን ክፈቱት!» ብዬ በራሳችን ቋንቋ ጮህኩ። አሰልጣኛቸው፣ ያ ረጅሙ ሰውዬ፣ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ መጣና ትርፍ ኳስ አስታቀፈኝ። እኔን! ስንቱን ስታዲየም በአንድ ቃል ጸጥ ያሰኘሁትን ሰውዬ ኳስ ያዥ አደረገኝ። እስከ መጨረሻው ይዤ ቆምኩ፤ ጥሩ አድርጌም ነው የያዝኩት፣ አንዴም አልጣልኩት።

ያ አይደለም ያመመኝ። ሲያልቅ ትንሿ ጓደኞቿን ይዛ መጣችና ወደ እኔ እያመለከተች አንድ ነገር አለቻቸው። ልጃችን እየሳቀች ተረጎመችልኝ። «አያቴ ነው፣ ዝምተኛ ሰው ነው» ነው ያለችው። አንቺም ሳቅሽ፣ እኔም ሳቅሁ። አውሮፕላን ውስጥ ግን እስከምደርስ ድረስ ይኸው ቃል ሲከነክነኝ መጣ። እግሬን የጉልበት ሕመም ከወሰደብኝ ቆየ፣ ፀጉሬን እንኳ ተይው። ያለችኝ ይህች አፍ ናት። እሷንም አየር ማረፊያው ላይ አስረክቤ ከገባሁ ምኔ ይቀራል? ማን ብለው ነው የሚያውቁኝ? ይህ ነው የያዘኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ግን ደግሞ እያሰብኩት ነው። እዚህ እኔ በተናገርኩ ቁጥር ሰው ይስቃል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። እኔም ወደዚህ ቤት እገባለሁ። አንቺ ጓዳ ሆነሽ እኔ ሳሎን፣ ምንም ሳንነጋገር የምናመሽባቸው ቀናት እንኳ ከዚህ ሁሉ ጭብጨባ ይሻሉኝ ነበር። ናፍቀሽኛል። ይኸው ጻፍኩት፤ እጄም አልተሰበረም።

ነገ አልፈርምም። አራት ሰዓት ላይ እሄድና ወንበሩን ለምክትሌ ስጡት እላቸዋለሁ። ጎበዝ ነው፣ ጨዋታ ያነባል፣ ቀልድ ብቻ አይሆንለትም፤ ሁሉን አሟልቶ የተፈጠረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ አይፈረድበትም። ደጋፊው ለጥቂት ጊዜ ያዝናል፣ ከዚያ ይረሳኛል። አይረሳኝም እንኳ፣ ለትሕትና ያህል ነው። ቤቱን የእህትሽ ልጅ ይጠብቀዋል። ቲኬቱን ልጃችን ትቁረጠው፣ እኔ ከቆረጥኩት ቀኑን አራዝመዋለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ፈጣሪ ጤናሽን ያብዛልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ልጃችንን ከድካሟ ያሳርፍልኝ፣ ለትንሿም ጥርሷንም ዕድሜዋንም ያሟላላት።

አንድ ነገር ብቻ አስቸግርሻለሁ። ልጃችን በዚያ አገር ቋንቋ፣ በእኛ ፊደል፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጽፋ ትላክልኝ። እዚያ አየር ማረፊያ በር ላይ ያ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ማን እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ አፌን ይዤ እንዳልቆም እስከዚያ አጠናታለሁ። «አሰልጣኝ ነኝ» የምትለዋን አይደለም። እዚያ ውጭ ቆማ የምትጠብቀውን ሴትዮ በእጄ እያሳየሁ «የእሷ ባል ነኝ» የምትለዋን።

ባልሽ