ሠላሳ ገጽ ላይ የሚያልቅ መጽሐፍ

ካኖ፣ ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1997

ዚንደር፣ እህቴ ላንታና ቤት ላለሽው ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የአቧራው ንፋስ እዚህ ገብቷል፤ እዚያ ደግሞ ይብሳል አሉ። ደረትሽን ሸፍኚ፣ ከንፈርሽን ቅባት ቀቢ። ላንታና የባቄላ ኮሳይዋን ስትጠብስ እሳቱ ዳር አትቀመጪ፣ ጭስ አይስማማሽም። ታናናሾችሽ ደህና ናቸው። ፍየሏ ሁለት ወለደች። ይኸው፣ እንደ ልማዴ ዋናውን ነገር ትቼ ስለ ፍየል አወራልሻለሁ።

ዋናው ነገር፣ ቅዳሜ ሊወስዱሽ ይመጣሉ። አባትሽ፣ ባልሽ ሙአዙና ታላቅ ወንድሙ አልሃጂ ዳንላዲ። ጾሙ ሳይገባ ሶኮቶ ቤትሽ እንድትገቢ ይፈልጋሉ፤ ማፍጠሪያ የሚያበስል የለማ! አባትሽ ያመጡለትን የዕርቅ የኮላ ፍሬ ተቀብሏል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሹፌር ነገ ማለዳ ይነሳል። ከቀናን በአንድ ቀን ይቀድማቸዋል።

ማክሰኞ ባልሽና ወንድሙ ለሽምግልና ሲመጡ መጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ ነበር። አልሃጂ ዳንላዲ ከኪሱ ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? የኔን መጽሐፍ። አንቺ በዚያ በሚያምር እጅሽ ገልብጠሽ ለማተሚያ ቤት ያዘጋጀሽውን።

«ኧረ ምን ሽምግልና ያስፈልጋል! ባለቤትህ እኮ ፈርዳ ጨርሳለች» አለና ምዕራፍ አራትን ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። ባልየው በጥፊ ሲመታት፣ እሷ እንባዋን ጠርጋ የቱዎ ገንፎውን ከነወጡ ስታቀርብለት። «ይኸው! አገር ያነበበው ነው። ልጅቷ የገዛ እናቷን ምክር ብትሰማ ምን ነበረበት?»

አባትሽ ሳቀ። «እኔማ ጓዳዬ ውስጥ እንዲህ ያለ ዓሊም መኖሩን አላወቅሁም!»

«አልሃጂ፣ እሱ ውሸት ነው» አልኩ ከመጋረጃው ኋላ። የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ።

ከዚያ አልሃጂ «ተይ እንጂ ደራሲዋ፣ ገበያሽን በገዛ እጅሽ ትዘጊያለሽ?» አለኝና ተሳሳቁ። ባልሽም ሳቀ። ወዲያው የመንገዱን ነገር ማውራት ያዙ።

ያን ምዕራፍ ስትገለብጪ አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። ብዕሩን አስቀመጥሽና «ኢና፣ እናቴ፣ ለምን እናቷ ቤት አትሄድም?» አልሽኝ። «ከሄደችማ መጽሐፉ ሠላሳ ገጽ ላይ ያልቃል፤ ማን ይገዛዋል?» ብዬ ሳቅሁብሽ። አንቺ አልሳቅሽም። ብዕሩን አንስተሽ እስከ መጨረሻው ገለበጥሽው።

ከመጽሐፉ ጀርባ አድራሻዬ ስላለ ልጃገረዶች ይጽፉልኛል፤ ታውቂያለሽ፣ ደብዳቤዎቹን ትከፍቺልኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ። አንዷ ከካትሲና «አላህ እንደ እሷ ባል ያለ ይስጠኝ፤ ቢመታኝም መጨረሻው ያምራል» ያለችውን ለጎረቤት ሁሉ አንብቤ ኮርቻለሁ። አሁን ያሳፍረኛል። መስጊድ በር ላይ «እነዚህ የፍቅር መጽሐፎች ሴት ያበላሻሉ» እያሉ የሚጮሁት ወንዶች እውነታቸውን ነው። ያበላሸሁት ግን እነሱ ባሰቡት በኩል አይደለም።

ጥፊውን ከየት አመጣሽው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እሱን አልፈጠርኩትም። የፈጠርኩት ምዕራፍ አሥራ ሁለትን ነው፤ ባልየው እግሯ ሥር ወድቆ የሚያለቅስበትን፣ የወርቅ ጉትቻ የሚያመጣላትን። ጠብቄ ጠብቄ ሳላገኘው ጻፍኩት። ከዚህ በላይ አልልሽም፤ አባትሽ አባትሽ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ ሸሽተሽ የመጣሽ ዕለት፣ ደጃፉ ላይ ሆነሽ ከጥርስሽ መሃል «ኢና፣ እዩኝ» አልሽኝ። አላየሁሽም። ወረቀቴ ላይ አቀርቅሬ «ታገሺ፣ ይመለሳል፣ ይወድሻል» አልኩሽ። አንቺ በኩሬ ነሽ። እናት በኩሯን በስሟ አትጠራም፣ ትክ ብላ አታይም፣ በሰው ፊት አታቅፍም፤ እናቴም እኔን እንዲሁ ነው ያሳደገችኝ። ይሉኝታ ነው። እኔ ሌት ተቀን ፍቅር ፍቅር የምጽፈው ሴትዮ፣ አንቺን ጠርቼ አላውቅም። ስምሽ ሲናፍቀኝ ለመጽሐፌ ሴት ሰጠሁት። ቤቱ ባዶ ሲሆን መጽሐፉን ዘርግቼ ስምሽን እየጠራሁ አነብ ነበር። ለካስ አንቺ ደግሞ ያቺ ሁሉን ቻይ ሴት እኔ ነኝ ብለሽ ተቀምጠሻል። ይህ ነው አላስተኛ ያለኝ።

ሦስተኛ ጊዜ ስትሸሺ ወደ እኔ አልመጣሽም። እንዴትስ ትመጪ!

አሁን የምልሽን ስሚ። ቅዳሜ ሲመጡ ወደ ሳሎን እንዳትወጪ። ላንታና በሩ ላይ ትቁም፣ ምላሷን ታውቂዋለሽ፣ ታቆያቸዋለች። አንቺ ግን ዓርብ ዕለት፣ ሹፌሩ እንደደረሰ፣ ወደ አልካሊው ሂጂና ፍቺ ጠይቂ። ዳኛው ምስክር ይጠይቅሻል። ይህን ደብዳቤ ስጪው። አንዲት ሴት አትበቃም ቢልሽ፣ ላንታና ስትደርሺ የነበርሽበትን አይታለች፤ ሁለት እንሆናለን። በአካል ትምጣ ካለ እመጣለሁ። አባትሽ ይህን ሲሰማ የሚሆነውን አውቀዋለሁ፤ ልብሴን ከወዲሁ በአንድ ጨርቅ ቋጥሬ አስቀምጫለሁ። ስለ እኔ አታስቢ።

መጽሐፉ ሠላሳ ገጽ ላይ ይለቅ፣ ልጄ። ማንም አይግዛው።

አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ የሚያዝንልሽ ዳኛ ይስጥሽ፣ እህል የምታኝኪበት ጤና ይመልስልሽ። እኔንም አንድ ቀን ይቅር እንድትይኝ ልብሽን ያራራልኝ።

ከዚህ በታች ያለው ለአልካሊው ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩት። ስም የሌለበት ምስክርነት አይረባምና፣ አራተኛውን እንዲህ ጻፍኩ፦

እኔ ባላራባ፣ የካኖ ነዋሪ፣ ባለፈው ጁላይ፣ ልጄ ሁለተኛ ጊዜ ሸሽታ በመጣችበት እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ግራ መንጋጋዋ አብጦ፣ አፏ አልከፈት ብሎ፣ አጥሚት በጨርቅ እየነከርኩ አጠጥቻታለሁ። ባሏ መትቷት ነው። ያኔ አላየሁም ብዬ ነበር። አይቻለሁ። የልጄ ስም ሂንዳቱ ነው።

ሂንዳቱ። ሂንዳቱ።

እናትሽ ባላራባ