የጠበቁ ክዳኖች

እህትዓለም፣

ለጣቶቼ ብለሽ ጠዋት ጠዋት የምታላዪልኝ ክዳን ሁሉ ዛሬ ጠብቆ ብታገኚው እንዳትደነግጪ። የጨውም የማሩም፣ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ ይፍጅ! ጣቶቼ አበጡ እንጂ አልሞቱም።

መገጣጠሚያዬን የሚያሳብጠው በሽታ የልቤንም ደም ሥር እንደሚጎዳ ሐኪሟ ስትናገር አብረን ሰምተናል። "በእግርሽ ተንቀሳቀሺ" ማለቷን ግን እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት? አንቺ እንደ እንቁላል ይዘሽኝ ልትኖሪ!

ስለዚህ ልብስ ስፌት ቤቱ ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ። በታክሲ እንዳትከተዪኝ።

ሾርባው ምድጃ ላይ ነው፤ ጨው አልነካውም።

ትናንት "አሳዳሪዬ አይደለሽም" ያልኩሽ…
ተዪው።

የልቤን ኪኒን ክዳን ግን አንቺ እንዳላላሽው ትቼዋለሁ።