መቶ አሥራ ሁለተኛው መኪናና የመዳቡ ማሰሮ

እኔ ኦግኒያን ቦቼቭ፣ የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ ከአንድ መንጋጋ ጥርሴ በቀር ሕመም የሌለብኝ፣ ከዘጠነኛ ክፍል መምህሬ በቀር ማንም ባልተጠራጠረው ሙሉ አእምሮዬ፣ በአገራችን የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ማግስት፣ ሜይ 7 ቀን 2024 ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ በትሮያን ከተማ፣ «ሙልኒያ» በተባለው የቤተሰባችን የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና ፋብሪካ በር ላይ ቆሜ ይህን ኑዛዜ ተናገርኩ። የሚጽፈው ጓደኛዬ ሚልኮ ነው። የእጅ ጽሑፉ ያምራል፤ መልኩን ግን እግዜር ይወቀው። «ይሄንንም ልጻፈው?» አለኝ። የሰማኸውን ሁሉ ጻፍ አልኩት።

በፋብሪካችን ደንብ አዲስ መኪና መጀመሪያ የሚነዳ ሰው ሳይናዘዝ መሪ አይጨብጥም። ደንቡን ያወጣው አያቴ ፔንቾ ነው። የዛሬው መኪና መቶ አሥራ ሁለተኛችን ሲሆን ስድስት ቶን አሸዋ ጭኖ ተራራውን ወጥቶ መውረድ አለበት። ማዶ የወተት ማኅበሩ ሰዎች እየጠበቁ ነው። ከደረስኩ ሃያ መኪና ያዛሉ፤ ካልደረስኩ አርባ ሠራተኛ ከሰኞ ጀምሮ ቤቱ ይውላል። ልቤ ግን ከሞተሩ ቀድሞ ተነሥቷል! ቁልቁለቱ ራሱ ጎማውን እያዞረ ባትሪውን የሚሞላለት መኪና በዚህ መንገድ መቼ ወርዶ ያውቃል?

አንደኛ፤ ሞተር ብስክሌቴ ለሚልኮ ይሁን። ፍሬን የለውም፤ የሚልኮም ምላስ ፍሬን የለውም፤ ይግባባሉ።

ሁለተኛ፤ ከአልጋዬ ሥር ያለው ሦስት ጠርሙስ የፕለም አረቄ ለሠራተኞቹ ይሁን። አራተኛውን አትፈልጉ።

ሦስተኛ፤ ለአያቴ ለፔንቾ ይህን ጣት የሚያህል ሽቦ አውርሻለሁ። ምክንያቱን ምስክሮች ይስሙ። የመንግሥት ፋብሪካው የተዘጋ ጊዜ፣ አያቴ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ፕለም ይደርቅበት በነበረ ጎተራ ውስጥ በ1993 የመጀመሪያውን መኪናችንን ሠራ። መኪናው ከበር ሲወጣ ልጁ ዴሽካ፣ እኔን ያሳደገችኝ አክስቴ፣ ነገሩ እንደ ውሃ ይፍሰስ ብላ እንደ አገራችን ልማድ ከመዳብ ማሰሮዋ ውሃ በፊቱ ደፋች። መኪናው ሃያ እርምጃ ሄደ፣ ጨሰ፣ ቆመ። ገዢዎቹ እየሳቁ ሄዱ። አያቴም «ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ ትደፊያለሽ?» ብሎ በሰው ፊት አዋረዳት። ከዚያ ወዲህ በዚህ በር ውሃ ፈሶ አያውቅም። የሆስፒታል አንሶላና የገበያ ጎመን የሚያመላልሱ ትንንሽ መኪኖች እየሠራን ኖርን፤ አንዱ በወጣ ቁጥር አክስቴ ባዶ ማሰሮዋን ታቅፋ እዚሁ በር ላይ ትቆማለች። አሁንም ቆማለች።

ባለፈው ሳምንት ያንን አሮጌ መኪና አያቴን ለማናደድ ሮዝ ቀለም ልቀባው ስፈታታ፣ ይህን ሽቦ ከወንበሩ ሥር፣ ውሃ በማይደርስበት ቦታ፣ ተቃጥሎ አገኘሁት። የተቃጠለው ብሎኑ ስላልጠበቀ ነው። በዚያ ዘመን ብሎን የሚያጠብቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አያቴ ሽቦውን ተቀብሎ እያገላበጠ አየው። ሚልኮ መጻፉን ተወ፤ ቀጥል አልኩት።

«አውቀው ነበር» አለ አያቴ። «በማግስቱ ነው የገባኝ። ከዚያ በኋላ በምኔ ልንገራት?»

«በአፍህ ነዋ፣ አባባ» አለችው አክስቴ።

አያቴ ሽቦውን ኪሱ ከቶ፣ «ማሰሮው ባዶ ነው?» አላት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ።»

ከእቅፏ ወሰደው፤ በከዘራው እየተመረኮዘ ወደ ጓሮው ቧንቧ ሄዶ ሞላው፤ በሁለት እጁም መልሶ ሰጣት። ኮፍያውን አውልቆ ነበር።

አራተኛና የመጨረሻ፤ ካልተመለስኩ ጥፋቱ የፍሬኑ ወይም የእኔ ይሁን እንጂ በውሃው አይሳበብ። ከተመለስኩ ይህ ኑዛዜ ይቀደድ፤ አረቄዬንም ራሴ እጠጣለሁ። ሦስተኛው ቃሌ ግን እኔ ኖርኩም ሞትኩም የጸና ይሁን።

ተናዛዥ፦ ኦግኒያን ቦቼቭ (ፊርማ)
ምስክር፦ ፔንቾ ቦቼቭ (ፊርማ)
ምስክር፦ ዴሽካ ቦቼቫ (ፊርማ)

የጸሐፊው የሚልኮ ማስታወሻ፦ ፊርማዎቹ የደበዘዙት እንባ ነክቷቸው አይደለም። ወረቀቱን ይዤ ከመኪናው ፊት ሳልርቅ እትዬ ዴሽካ የሠላሳ አንድ ዓመቱን ውሃ በአንድ ጊዜ ስለደፉት ነው። መኪናው ይህ ሲጻፍ ሃያኛውን እርምጃ አልፏል።